"አጭሩን ምረጡ" ያልኩ ቀን

ይሄ የሆነው ዘንድሮ ክረምቱ ሊገባ ሲል ነው፤ ንፋስ መውጫ። ትዝ ባለኝ ቁጥር በሐፍረት ጆሮዬ ድረስ እግላለሁ። ስለዚህ ጽፌው ልገላገል።

ገና መመረቄ ነበር። ስራ የለም። ቤት ቁጭ ብሎ ጎረቤት እናቴን "ልጅሽ መቼ ነው የምትቀጠረው?" ሲላት መስማት ደግሞ ያንገሸግሻል። የአስራ ሁለተኛ ክፍል ተፈታኞችን እንግሊዝኛ ላስጠና ብዬ ተነሳሁ። የተመረቅኩት በእንግሊዝኛ አይደለም። ግን "ዩኒቨርሲቲ ጨርሳ የመጣች ናት" ተባለና አስራ አራት ተማሪ ተሰበሰበልኝ።

ከሁሉም የምታሳስበኝ ብርቱካን ነበረች። አምና ማለፊያውን ለጥቂት ነው ያጣችው። ዘንድሮ ካልመጣላት አባቷ "በቃሽ" ብለዋታል። ሌላው መሪጌታ ናቸው። እዚሁ ጋይንት ካለው ቤተ ልሔም አካባቢ የመጡ፣ የቤተ ክህነቱን ትምህርት ጨርሰው ዘመናዊውን በማታ የሚማሩ ሰው። በእድሜ አጎቴ ይሆናሉ፤ ግን "መምህርት፣ እርስዎ" ነው የሚሉኝ። እኔም እርስዎ እላቸዋለሁ። ልጆቹ ይስቁብናል።

የመጨረሻው ቀን ጠዋት ማወዳደሪያ ዓረፍተ ነገር ላይ ደረስን። ከሰዓት በኋላ አውቶቡስ ተፈታኞቹን ከትምህርት ቤታቸው ወደ ዩኒቨርሲቲ ሊወስዳቸው ነው፤ ፈተናው እዚያ ነው የሚሰጠው። እኔ ደግሞ ነገር ሲንዛዛ አልወድም።

"'የላይ ጋይንት ገብስ ከታች ጋይንት ይሻላል' ስንል ግር የሚለው ሰው አለ? የለም። እንግሊዝኛውም እንደዚያው ነው። ከምርጫዎቹ ትርፍ ቃል የገባበት ካያችሁ ወጥመድ ነው። አጭሩን ምረጡ" አልኳቸው። ሁሉም ጻፉ።

ስንጨርስ መሪጌታ በሩ ጋ ቆመው ጠበቁኝ። ልጆቹ ወጥተው ሲያልቁ ጠጋ አሉኝ።

"መምህርት፣ አንዲት ነገር ነበረችኝ።"

"መሪጌታ፣ ሲመለሱ ይነግሩኛል፤ አሁን ሻንጣዎን ያዘጋጁ" ብዬ ትቻቸው ሄድኩ።

ቤት ገብቼ የመለማመጃውን መጽሐፍ ሳስቀምጥ የመልሱ ገጽ ተገለጠ። እስከዚያች ሰዓት አይቼው አላውቅም፤ ምን ያደርግልኛል ብዬ። ከአስሩ ጥያቄ የሰባቱ መልስ ረጅሙ ነው። ደግሜ አነበብኩ። እንግሊዝኛ ገብስን የሚያወዳድረው ከገብስ ጋር ነው፤ ከወረዳ ጋር አይደለም። እኔ ትርፍ ያልኩት ቃል "ከታች ጋይንቱ ገብስ" የሚያሰኘው ቃል ነው። ወጥመዱ እኔው ነበርኩ።

ወጥቼ ሮጥኩ። የገበያ ቀን ስለሆነ ባጃጁ ሁሉ ሙሉ ነው። የትምህርት ቤቱ በር ስደርስ አውቶቡሱ ሞተር አስነስቷል። በሩ ላይ ያለው ፖሊስ እጁን ዘረጋብኝ።

"ስምሽ ዝርዝሩ ላይ አለ?"

"አስጠኚያቸው ነኝ። አንድ ነገር ብቻ ነግሬያቸው ልመለስ።"

"የምን ነገር?"

"ለፈተናው..." ብዬ አፌን ያዝኩ። ለፈተናው አንድ ነገር ልንገራቸው የምትል ሴት ምን እንደምትመስል ገባኝ። እሱም የገባው መሰለኝ።

"ወደ ኋላ በይ እህቴ" አለኝ ቆጣ ብሎ።

አውቶቡሱ አጠገቤ ሲያልፍ መሪጌታን በመስኮቱ አየኋቸው። መስኮቱ ዝግ ነው። እጄን እያወናጨፍኩ "ረጅሙን! ረጅሙን!" አልኩ። እሳቸው ልሸኛቸው የመጣሁ መስሏቸው ጎንበስ ብለው እጅ ነሱኝ።

ብርቱካን ጋ ደወልኩ። እናቷ አነሱት።

"ስልክ አይገባም ስላሏት ትታው ሄደች። ምነው፣ ደህና?"

"ደህና ነው እትዬ።"

"አይዞሽ ልጄ። ምሳዋን እየበላች እንኳን አንቺ ያልሻትን ስትሸመድድ ነበር።"

ስልኩን ዘጋሁና መንገድ ዳር ድንጋይ ላይ ተቀመጥኩ። ፈተናው እስኪያልቅ ምግብ አልበላ አለኝ። ለማንም አልተናገርኩም።

የሚመለሱ ቀን ቀድሜ ሄጄ ጠበቅኳቸው። ብርቱካን ወርዳ እየሳቀች አቀፈችኝ።

"መልእክትሽ ደርሶናል" አለች።

"የምን መልእክት?"

"በመሪጌታ የላክሽው ነዋ። ገና ከከተማ ሳንወጣ ተነሱና 'መምህርት ቸኩለው ሳይነግሯችሁ ቀርተው ልከውኛል። በሬ የሚጠመደው ከበሬ ጋር ነው እንጂ ከበረት ጋር አይደለም። አጭር ረጅም ሳትሉ ጥንዱ የተሟላውን ምረጡ ብለዋል' አሉን። መንገዱን ሙሉ ሲያስጠኑን ሄዱ።"

ልጆቹ እስኪሄዱ ጠብቄ መሪጌታ ጋ ቀረብኩ።

"እኔ እኮ ምንም አልላክሁም። እንዲያውም ሳልሰማዎት ነው የሄድኩት።"

"በተማሪ ፊት መምህር አይታረምም። ለዚያ ነው በር ላይ የጠበቅሁዎት።"

"ውሸቱስ?"

"እሱን ከንስሐ አባቴ ጋር እንነጋገርበታለን" ብለው ሻንጣቸውን አነሱ።

እኔ መደበቅ አይሆንልኝም። በማግስቱ ብርቱካንን ጠርቼ እውነቱን ነገርኳት። ምንም አልደነቃት።

"እናውቃለን" አለችኝ። "አንቺ የከተማ ልጅ፣ ስለ በሬ ምን ታውቂያለሽ?"

"ታዲያ ለምን ዝም አላችሁ?"

"መሪጌታ እንዳይከፋቸው ብለን።"

ውጤት ገና አልወጣም። እንደ ተፈታኝ እኔም እየጠበቅሁ ነው። አስራ አራቱም መሳሳቴን እያወቁ ሲያመሰግኑኝ መክረማቸው እስካሁን ያበሽቀኛል። እንደዚያ አድርጎ ያከበረኝ ሰው ግን ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም አላጋጠመኝም።