ሽንኩርቱ፣ ሸክላውና የታደሰ ቴፕ

ትናንት ከሰዓት ልጄ ሰላም ከአያት ሰፈር ድረስ አንዲት ጣሳ የምታክል ሙዚቃ ማጫወቻ ይዛልኝ መጣች።

«እማዬ፣ ቁልፍ ምናምን መንካት የለብሽም። የምትፈልጊውን መዝሙር ንገሪያት፣ ትሰማሻለች» አለችኝ።

«ሳልጠራትስ ትሰማለች?»

«ሁሌ ነው የምትሰማው! ጥቅሟ እኮ እሱ ነው።»

ወደ ካርቶኗ መለስኳት። ሰላም፣ እማዬ አርጅታለች ብላ ሳቀችብኝ። ለእሷ ነግሬያት የማላውቀውን እናንተ ስሙኝ...

ቀይ ሽብር ጊዜ ነው። የካ ሚካኤል ግድም፣ የእንጦጦ ንፋስ ሌት ተቀን ቆርቆሮ በሚያንቋቋበት ሰፈር ነበር የምንኖረው፤ እኔና ባለቤቴ ታደሰ። ነፍሱን ይማረው፤ እኔ ግን አልማርኩትም።

የጎረቤታችንን የእትዬ ወርቄን አንድያ ልጅ፣ መስፍንን፣ ገደሉት። ሬሳውን እንኳ አልሰጧቸውም። በዚያ ላይ ማልቀስ ክልክል ነበር። ድንኳን የለ፣ ጥቁር መልበስ የለ... ያለቀሰ ከጠላት ወገን ይቆጠራል።

እኛ የሰፈሩ ሴቶች ታዲያ ዘዴ ፈጠርን። ቅዳሜ ቅዳሜ እሳቸው ቤት ተሰብስበን ሽንኩርት እንከትፋለን። ድንገት የገባ ሰው ዓይናችሁ ለምን ቀላ አይለንም። ለድምፁ ደግሞ የታደሰ ሸክላ ማጫወቻ ነበረልን፤ በባትሪ የሚሠራ፣ እንደ ሻንጣ የሚዘጋ። መስኮቱ ላይ አስቀምጠን እስከ ጥግ እንከፍተዋለን። ዘፈኑ ደጁን ሲያናጋው እትዬ ወርቄ ጓዳ ሆነው ያለቅሳሉ። ያ ማጫወቻ ከመጮህ በቀር ሌላ ሙያ አልነበረውም።

ታደሰ ግን ያፍርበት ነበር። «ደደብ ዕቃ! አንድ ነገር ብቻ ነው የሚችለው» ይላል። አንድ ቀን መርካቶ ወርዶ ቴፕ ታቅፎ መጣ። ሬዲዮ አለው፣ ወደኋላ ይመልሳል፣ ወደፊት ያሮጣል፣ ቀዩን ቁልፍ ሲጫኑት ደግሞ ይቀዳል። የሰፈሩን ሰው ሳል ቀዳ፣ የእኔን ቁጣ ቀዳ፣ የጎረቤት አውራ ዶሮ ሳይቀር ቀዳ።

ያኔ ዘፈን ከሸክላ ወደ ካሴት የሚገለበጠው ሁለቱን አጠገብ ላጠገብ አስቀምጦ ነው። ቤቱ ፀጥ ይላል፣ ያስነጠሰ ይረገማል። ታደሰ ግን ሸክላው ቅዳሜ መጮሁ ላይቀር ለዚህ ብሎ ሌላ ባትሪ መጨረስ አልፈለገም። እኛ ቅዳሜ ጓዳ ተቀምጠን ስንከትፍ በውጭ በኩል መጣና ቴፑን መስኮቱ ላይ ከሸክላው ጎን ደቅኖ፣ ቀዩን ቁልፍ ተጭኖ፣ ጠላ ሊጠጣ ሄደ። ማናችንም አላየነውም።

የሸክላው አንድ ገጽ ሲያልቅ፣ አንዷ እስክትገለብጠው ትንሽ ዝምታ አለች። ሁልጊዜ በዚያች ዝምታ ሁላችንም ትንፋሻችንን እንውጣለን። እትዬ ወርቄ ያን ቀን አልቻሉም።

በማግስቱ እሁድ የቀበሌ ስብሰባ ነው፤ መቅረት አይታሰብም። ታደሰ «እስኪጀመር ሙዚቃ ላሰማችሁ» ብሎ ቴፑን መድረክ ላይ አወጣ። ካሴቱን አንዴም አላዳመጠውም፤ ባትሪውን ለታይታ ቆጥቦት ነበር። ሊቀመንበሩ ማይክሮፎኑን አስጠጋለት። ዘፈኑ ሞቅ አድርጎን አለቀ... ከዚያ አዳራሹን የሞላው የእትዬ ወርቄ ድምፅ ነው።

«ለቅሶ ተከልክዬ፣ ሽንኩርት ስልጥ ዋልኩኝ፣
ለአንድዬ ልጄ፣ ተደብቄ አነባሁኝ...»

እትዬ ወርቄ ከጎኔ ነበሩ። ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ጠቀጠቁት። ምን ዋጋ አለው፣ ድምፁ የሚወጣው ከሌላ ቦታ ነው።

ታደሰ ሊያጠፋው እጁን ሰደደ። ሊቀመንበሩ እጁን ያዘው።

«ተወው። ወደኋላ ይመልሳል አይደል?»

«ይመልሳል፣ ጓድ።»

«መልሰው።»

ደጋግሞ አሰማን። «ማናት ይቺ?» አለ። አንድም ሰው አልተነፈሰም። ታደሰም አልተናገረም፤ ግን ዞሮ እትዬ ወርቄን አያቸው። ለሊቀመንበሩ እሱ በቂው ነበር።

መድረክ ላይ አወጧቸው። በዕድሜ ልጃቸው የሚሆን ሰው አንቺ እያለ «አብዮቱ መሐሪ ነው፣ አላስርሽም» አላቸው። «እዚያው ካሴት ላይ፣ እዚያው ያለቀስሽበት ቦታ ላይ ትናገሪበታለሽ።» የሚሉትንም ነገራቸው። ታደሰ ካሴቱን መለሰና ቀዩን ቁልፍ ተጫነ።

«ልጄ ፀረ አብዮተኛ ነበር» አሉ እትዬ ወርቄ። «አላለቅስለትም።»

«ድምፅሽን ከፍ አድርጊ!»

ከፍ አድርገው ደገሙት። ከዚያ ካሴቱ ተመልሶ ለሁላችን ተሰማ። ለቅሷቸው የለም፤ ቦታውን ይሄ ይዞታል። አጨብጭቡ ተባልን፣ አጨበጨብን። እሳቸውም አጨበጨቡ። ተመልሰው አጠገቤ ሲቀመጡ እጃቸው ሽንኩርት ሽንኩርት ይሸት ነበር።

ወደ ቤት ስንሄድ ታደሰ ምን ቢለኝ ጥሩ ነው?

«አየሽ? መቅጃ ባይኖረው በምን ይጠፋላቸው ነበር? ያ ደደብ ሸክላ ይሄን ይችላል?»

ከእሱ ልጆች ወልጃለሁ፣ አብሬው አርጅቻለሁ። ይቺን ንግግር ግን እንደያዝኩበት ነው የቀበርኩት።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ሽንኩርታችንን ይዘን ሄድን። ታደሰ ሊክስ ፈልጎ ቴፑን ታቅፎ ተከተለኝ። እትዬ ወርቄ በሩን ገርበብ አደረጉት።

«እትዬ ወርቄ፣ ዛሬ ይሄ ይጩህልዎት። ከሸክላው ይበልጣል» አላቸው።

ቴፑን አዩት፣ እሱንም አዩት። «ለእኔ የሚጮኸው ይበቃኝ ነበር፣ ታደሰ» አሉት። «የሚሰማ ዕቃ ቤቴ አታምጣብኝ።»

በሩን ዘጉት። ከዚያ ወዲያ እስኪሞቱ ድረስ ሲያለቅሱ ሰምቻቸው አላውቅም።

ዛሬ ጠዋት ሰላም ደውላ «እስካሁን አልከፈትሻትም?» ብላ ተቆጣችኝ።

«ባለሱቁን ጠይቂልኝ እስቲ» አልኳት፤ «የማትሰማ የለችውም?»