ያኔት ያሸነፈችው አገር

ሰብለወርቅ ሰበታ ውስጥ በአንድ የግል ትምህርት ቤት ታስተምራለች። አርብ ከሰዓት ግን ለብቻ በተሰጣት ክፍል ተረት ታወራለች፤ መጨረሻውን ልጆቹ ይጨርሱታል። የጨረሱትን ይጽፉታል፣ ይስሉታል፣ በካርቶን ሸፍነው በክር ይሰፉታል። መደርደሪያው ሞልቷል። ሱሉልታ ወጥቶ ሩጫ የሚለማመድ ጅብ አለ፤ በፋብሪካ ሰርቪስ ሥራ የምትገባ ጦጣም አለች።

ርዕሰ መምህሩ አቶ ብዙነህ ይህ አይዋጥላቸውም። ልጅ ከሰሌዳ ይገልብጥ እንጂ ከራሱ ምን ያመጣል ባይ ናቸው። ክፍሉ ከሰኞ ጀምሮ ለፈተና ማጠናከሪያ ይሆናል፣ የልጆቹ መጻሕፍትም ስቶር ይገባሉ አሏት። ሰብለወርቅ በንዴት በርበሬ መሰለች። ስቶር የገባ ወረቀት የአይጥ ቀለብ ነው። እምቢ አለች። እሳቸውም ቅዳሜ በወላጆች ቀን እዚያው ክፍል ውስጥ ለሁሉም እናገራለሁ ብለው ሄዱ።

ቅዳሜ ንግግራቸውን ሳይጀምሩ፣ የሰባት ዓመቷ ያኔት ብድግ አለች።

«እንቆቅልህ!»

በዚህ ጨዋታ አንቱታ የለም። አቶ ብዙነህም ወላጅ ፊት ጨዋታ የማያውቁ መምሰል አልፈለጉምና «ምን አውቅልሽ» አሉ።

«ሆዱ ሞልቶ ‹ቦታ አለ› እያለ የሚጣራ?»

ከራሷ ያመጣችው ነው። ሆዳም ሰው አሉ፤ አይደለም። ጎተራ አሉ፤ አይደለም። ያልመለሰ አገር ይሰጣል። ብልህ ሰው ጎንደርን ወይ ጅማን ሰጥቶ ይገላገላል፤ እሳቸው ግን ቸር ለመምሰል «የፈለግሽውን ውሰጂ» አሉ።

ያኔት መደርደሪያውን አየች። «ይህን ክፍል» አለች። መልሱ ታክሲ ነበር። የራሳቸው መኪና ያላቸው አቶ ብዙነህ ከየት ያውቁታል! ወላጆች በሳቅ ፈረሱ።

እሳቸው ጨዋታ እኮ ነው ሲሉ፣ የልጅ ልጃቸውን ይዘው የመጡት ኦቦ ዲሪባ በእርጋታ ተናገሩ። «እኛም ጋ በሂቦ፣ በኦሮምኛው እንቆቅልሽ፣ የተሰጠ አገር አይመለስም። ቃል የእምነት ዕዳ ነው።»

ሰኞ ጠዋት ዴስክ የተሸከሙ ሰዎች በሩ ላይ ደረሱ። በሩ ተቆልፏል። አቶ ብዙነህ ሰብለወርቅን ቁልፍ አምጪ አሏት። በዚህ ከሥራዋ ልትባረር እንደምትችል ታውቃለች፤ ፈርታለችም። ሆኖም ዓይኗን አልሰበረችም።

«ቁልፉ ባለአገሯ ጋ ነው። እሷን ይጠይቋት።»

እውነትም ቁልፉ ያኔት አንገት ላይ በክር ተንጠልጥሏል። ጎንበስ ብለው እጃቸውን ዘረጉ። ልጅቱ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አለች።

«እንቆቅልህ?»

ተሸካሚዎቹ ሊሰሙ ዴስኩን መሬት አስቀመጡ። ልጆቹ ከበቡ። አቶ ብዙነህ ወደ ሰብለወርቅ ዞር አሉ፤ እሷ እጇን አጣጥፋ ቆማለች።

«ምን አውቅልሽ» አሉ።