ሸራውና የልጁ ስስ ድንኳን

ሰፈሩ ስሙን ረስቶ «ሸራው» የሚለው ድንኳን ሰፊ ነፋስ ይፈራል። ነፋስ የሚፈራ ድንኳን ሰፊ ውሃ የሚፈራ ዓሣ ነው እያሉ ጎረቤቶቹ ያሙታል። ምን ያድርግ! አንድ ጊዜ የሰፋው ትልቅ ድንኳን ከነካስማው ተነቅሎ የጎረቤት ጣሪያ ላይ ሲያርፍ በዓይኑ አይቷል።

ሴት ልጁ ነገ ጠዋት ጓዟን በጀርባዋ አዝላ ለአምስት ቀን የተራራ ጉዞ ልትነሳ ነው። እዚያ ጠዋት ፀሐይ፣ ከሰዓት በረዶ ነው። የመረጠቻት ድንኳን ደግሞ ስትጠቀለል ከአንድ ዳቦ አትበልጥም።

«ይቺ መሐረብ ናት!» አለ ሸራው። «ዘጠኝ ኪሎ ሸራ ሰፍቼልሻለሁ፣ እሱን ያዢ።»

«አባዬ፣ ዘጠኝ ኪሎ ተሸክሜማ ጉም ሲወርድ ገደል አፋፍ ላይ ነው የምቀረው። ቀላል የምይዘው ዝናቡን ቀድሜ ለመውረድ ነው።»

የሸራው እጅ ግን መች ያርፋል! ልጅቷ ስንቅ ልትገዛ ስትወጣ ስሷን ድንኳን የስፌት መኪናው ላይ ዘረጋና ጣሪያዋን በድርብ ስፌት አጠናከራት።

ከሰዓት ሰማዩ ጠቆረ። «እንሞክራታ» ብላ ጓሮ ተከለቻት። ሸራው ገብቶ ጉልበቱን አቅፎ ተቀመጠ። ነፋሱ ሲመጣ ጨርቁ በጥፊ አጮለው። ድንኳኗ ግን ቆማለች። ከዚያ ማጅራቱ ላይ ጠብ። ደግሞ ጠብ። ቀና ሲል ውሃው በተርታ ይገባል፣ እሱው በወጋው የመርፌ ቀዳዳ። ወፍራም ሸራ ሲርስ ክሩ ያብጥና ቀዳዳውን ይደፍናል፤ ይህ ጨርቅ ግን አንዴ ከተወጋ ተወጋ ነው።

«አባዬ፣ ደረቅ ነው?» አለች ልጁ ከበረንዳው።

«ታፈሳለች» ቢል ማን ያውቅበታል? ወፍራሙን ሸራ ትይዝለታለች፤ የሠላሳ ዓመት ስሙም ይተርፋል። ግን በዘጠኝ ኪሎ ጎብጣ፣ ጓደኞቿ ቀድመዋት፣ ጉም ውስጥ ብቻዋን ታየችው።

«ደረቅ ነበረች» አለ። «እኔ ነኝ የበሳኋት።»

መጥታ አንገቷን አስግጋ ስፌቱን አየች። ልትቆጣ ስትል ከአገጩ የሚንጠባጠበውን ውሃ አየችና ሳቅ ቀደማት። «አባዬ! ወንፊት አደረግካት እኮ!»

«ሙጫ አለኝ» አለ፣ በቀጭን ድምፅ።

ቀዳዳውን አንድ በአንድ ደፈነ። ጠዋት አንድ ባልዲ ውሃ ደፋባት፤ አላፈሰሰችም። ሁለተኛም ደገመ። ሦስተኛውን ሲያነሳ ልጁ ነጥቃው፣ ግንባሩን ስማ፣ ድንኳኗን ጠቅልላ ሄደች።

ሸራው በሩ ላይ ቀረ። ሰማዩ ጥርት ብሏል። አጥሩ ላይ የተሰጣው ሸሚዝ እጅጌ ግን፣ ቀስ ብሎ፣ መወዛወዝ ጀመረ።