ዳቦ ሊገዛ የወጣው ባሌ ከአዋሽ ደወለ

ትናንት ማክሰኞ ረፋድ ላይ ስልኬ ጮኸ... ባሌ ታዴ ነው።

«አካም ጅርታ ሂሩቴ! አዋሽ ገባሁ» አለኝ።

ልብ በሉልኝ። ይህ ሰውዬ ከባድ መኪና መንዳት ካቆመ ሁለት ዓመት አልፎታል። ከቤት የወጣው ደግሞ ከአንድ ሰዓት በፊት ዳቦ ሊገዛ ነው። ከአዳማ ተነስቶ በአንድ ሰዓት አዋሽ የሚገባ ሰው ክንፍ ያለው ብቻ ነው።

«የምን አዋሽ? ዳቦውስ?» ብል... ስልኩ ተዘግቷል።

ነገሩ እንዲገባችሁ ትንሽ ወደኋላ ልመልሳችሁ።

ታዴ አሥራ አንድ ዓመት የጅቡቲ መስመር ሹፌር ነበር። የፍቅረኞች ቀን የሚባለውን ነገር አንድም ዓመት በቀኑ አክብረን አናውቅም። ሰው ቀይ ለብሶ አዳማን ሲዞር እሱ ወይ ወደብ ላይ ጭነት ይጠብቃል፣ ወይ ሚሌ ላይ ጎማ ይቀይራል። በመጀመሪያው ዓመት አኩርፌ ሦስት ቀን ስልኩን አላነሳሁለትም። በኋላ ግን ተስማማን... የእኛ የፍቅረኞች ቀን መኪናው አዳማ የገባበት ቀን ነው ተባለ። አንድ ዓመት የካቲት አሥራ ሁለት ዋለ። አንድ ዓመት ደግሞ ሁዳዴ ላይ ወደቀብንና በሽሮ አከበርነው።

ሥርዓትም ነበረው። አዋሽ ሲገባ ይደውላል፤ ሽንኩርት መክተፍ እጀምራለሁ። መተሃራ ሲደርስ ይደውላል፤ ዶሮው ድስት ውስጥ ይገባል። ወለንጪቲ ነኝ ሲለኝ ገላዬን ታጥቤ፣ ፀጉሬን ለቅቄ... ምን እደብቃችኋለሁ፣ በር በሩን አይ ነበር። አበባ አምጥቶልኝ አያውቅም። ከመንገድ ዳር ሐብሐብ ገዝቶ «ይኸውልሽ፣ ውስጡ ቀይ ነው» ይለኛል። እሱን እየበላን እስኪመሽ እንስቃለን።

ከዚያ ወገቡን አመመውና ሹፍርናውን ተወ። አሁን እዚሁ ሰፈራችን መለዋወጫ ሱቅ ውስጥ ይሠራል፤ አሥራ ሁለት ሰዓት ሲሆን ቤት ነው። ያን ሁሉ ዓመት የተሳልኩለት ነገር ሆነልኝ ማለት ነው።

እና ታምኑኛላችሁ? ከዚያ ወዲህ አንድም ጊዜ አላከበርንም። ካቻምና ረሳነው። አምና እኔን አሞኝ ነበር። ዘንድሮ ቀኑ ዓርብ ዋለና «ጾም ነው፣ ለቅዳሜ እናድርገው» ተባባልን። ቅዳሜ የዕድር ለቅሶ መጣ። እሁድ እሱ ኳስ ሊያይ ወጣ፣ እኔ ልብስ ሰፊ ነኝና የሰው ቀሚስ ለማድረስ የስፌት መኪናዬ ላይ ተደፍቼ ዋልኩ። ሰኞ እራት ላይ...

«ሁዳዴ ሊገባ ነው እኮ፣ መቼ ይሁን?» አለኝ።

«አንተ ሁሌ እዚሁ አይደለህ? መቼም ቢሆን ያው ነው» አልኩት።

ለክፋት ብዬ አልነበረም። ግን ፊቱ ሲለዋወጥ አየሁት። እራቱን ሳይጨርስ ተነስቶ እጁን ታጠበ። እኔም ሳህን እያጠብኩ አለቀስኩ። የናፈቀኝ እኮ ያ መንገድ ላይ የነበረው ታዴ ነው... ይሄኛው ጓዳዬ አጠገብ ቁጭ ብሎ። ይሄ ለማን ይነገራል?

እናላችሁ፣ የአዋሹ ስልክ የመጣው በማግስቱ ነው። ለካ ከሥራም ፈቃድ ወስዷል!

አንድ ሰዓት ተኩል ያህል ቆይቶ ደግሞ ደወለ።

«መተሃራ ነኝ። ሙቀቱ አይጣል ነው!»

ከኋላው አንድ ሰው «ሶደሬ! ሶደሬ! አንድ ሰው የቀረው!» እያለ ይጮሃል። የአዳማ መናኸሪያን ድምፅ የማላውቅ መስሎታል መቼም።

«መተሃራ ላይ ደግሞ የሶደሬ ታክሲ ተጀመረ?»

«አዎ... አዲስ መስመር ነው» አለኝ፣ ኮስተር ብሎ።

ሳቄ አመለጠኝ። ስልኩን ዘግቼ ልብ ስል ሽንኩርቱ ተከትፎ አልቋል። ከመጀመሪያው ስልክ ጀምሮ እጄ እኔን ሳያማክር ሥራውን ይዞ ኖሯል። ዶሮ ለመገነጣጠል ጊዜ ስለሌለ የደንበኛዬን ቀሚስ እንደተንጠለጠለ ትቼ ሥጋ ቤት ሮጥኩ።

«ወለንጪቲ ነኝ» ሲለኝ ፀጉሬ ገና እርጥብ ነበር። አርባ ዓመት ሊሞላኝ ነው እኮ! ለገዛ ባሌ፣ ጠዋት ካልሲውን አልጋ ሥር ጥሎ ለወጣ ሰው፣ እንደ ልጃገረድ መስታወት ፊት ተገትሬያለሁ።

በሩ ተንኳኳ። ቁልፍ እያለው ያንኳኳል። ስከፍት መቼ እንዳወጣው ያላየሁትን የድሮ የጉዞ ሻንጣውን በትከሻው አንጠልጥሎ ቆሟል፤ ፀሐይ ላይ ውሎ ላቡ ይወርዳል። አንገቱ ላይ ተጠመጠምኩ።

ከዚያ ሳላስበው ከአፌ ወጣ...

«መቼ ነው የምትመለሰው?»

ያኔ ገና ጫማውን ሳያወልቅ ሁሌ የምጠይቀው ይህንን ነበር። መልሱም ሁሌ «ነገ ሌሊት» ነው። እሷን ከሰማሁ በኋላ የቀረንን ሰዓት መቁጠር እጀምር ነበር። ያን ዘመን ስናፍቅ ይህችን ረስቻት ኖሯል።

ታዴ ሻንጣውን መሬት ላይ አስቀመጠ። ቀና ብሎ አየኝና...

«አልመለስም» አለኝ። «መጥቻለሁ።»

በር ላይ ቆሜ አለቀስኩ። ሁለት ዓመት አብሮኝ ኖሮ መምጣቱ የገባኝ ትናንት ነው።

ሌላው ሰው መቼ እንዳከበረው እንጃ... እኛ ቤት ግን የፍቅረኞች ቀን ዘንድሮ ማክሰኞ ዋለ።