የጋሽ ሣሩ ውሃ ልክ

በዩኒቨርሲቲው ስታዲየም ሜዳ ዳር በደረቱ ተኝቶ፣ ጉንጩን ሣሩ ላይ አሳርፎ ማዶ የተመለከተ ሰው አንድ የሚያስቅ ነገር ያይ ነበር። በወዲያኛው መስመር ላይ የቆመው ዳኛ እግር የለውም። ጫማው፣ ካልሲው፣ ጉልበቱም ጭምር ከሣሩ በታች ጠፍተው፣ ባንዲራ የያዘ ግማሽ ሰው ወዲያ ወዲህ ይላል። አዲስ ተማሪዎች ዐይናቸው የተታለለ ይመስላቸዋል። ዐይናቸው ምንም አልሆነም፤ ሜዳው ነው መሃሉ ላይ ከዳሮቹ አርባ ሳንቲሜትር ከፍ ያለው። ቆሞ ለሚያይ ሰው ግን አይታወቅም።

ይህን ከማንም በላይ የሚያውቁት፣ ሠላሳ አንድ ዓመት ሣሩን ያጨዱትና መስመሩን በኖራ ያሰመሩት ሰው ናቸው። ተማሪዎች "ጋሽ ሣሩ" ይሏቸዋል። ወላጆቻቸው ያወጡላቸውን ስም የሚያውቁት የሠራተኛ አስተዳደር ክፍሉና ባለቤታቸው ብቻ ናቸው፤ ባለቤታቸውም ሲናደዱ ካልሆነ አይጠሩበትም።

ሜዳው ለምን ጎበጠ? ነገሩ የሚጀምረው ከአፈሩ ነው። ስታዲየሙ ከመሠራቱ በፊት ቦታው የጡብ ፋብሪካ አፈር የሚቆፍርበት ጎድጓዳ መሬት ነበር። ፋብሪካው ሲዘጋ ዩኒቨርሲቲው ወሰደውና ሁለት ጎል ተከለበት። ለጡብ የሚሆን አፈር ደግሞ ውሃ አያሳልፍም፤ እንደ ድስት ይዞ ቁጭ ነው። በዝናብ ማግስት የተመታች ኳስ መንገድ ላይ ቆማ ትቀራለች። አንድ በረኛ ጫማው ጭቃው ውስጥ ተቀርቅሮ በካልሲው ብቻ ጎል እንዳዳነ ይወራል፤ ጫማው እስከ ዛሬ እዚያው ነው የሚሉም አሉ።

ከዚያ አንድ ግንበኛ መጣ። ለመቀመጫው ድንጋይ ሊደረድር የተቀጠረ ሰው ነው፤ ስለ ሜዳው የጠየቀው አልነበረም። ሥራው ላይ ሆኖ ኩሬውን ሲያይ ሲያይ ቆየና "ውሃው ወደ ታች አልሄድ ካለ ለምን ወደ ጎን አይሄድም?" አለ። እንዴት ያለ ቀላል፣ እንዴትስ ያለ ውብ ሐሳብ ነው! መሃሉን ማሳበጥ፣ ዳርና ዳሩን ዝቅ ማድረግ፣ ዙሪያውን ቦይ መቆፈር፤ በቃ።

ማሳበጡ ግን በዐይን አይሆንም። ግንበኛው የተጠቀመበት መሣሪያ ውሃ ልክ ይባላል። ውሃ ልክ ሲባል ብዙ ሰው የሚያስበው አናጢ የሚይዛትን፣ በመስታወቷ ውስጥ አረፋ የምትዋልልባትን አጭር ዘንግ ነው። የግንበኛው ውሃ ልክ ግን ውሃ የተሞላ ረጅም፣ ውስጡ የሚታይ የላስቲክ ቱቦ ነበር። ሁለት ሰዎች ሁለቱን ጫፍ ይዘው የፈለጉትን ያህል ቢራራቁ፣ ውሃው በሁለቱም ጫፍ እኩል ከፍታ ላይ ይቆማል። በዚያ ከፍታ በየቦታው በተተከለ ካስማ ላይ ምልክት ይደረጋል፤ ከምልክቱ ደግሞ የሚፈለገውን ያህል ወደ ታች ይለካል። ግንበኛው ከመሃል ወደ ዳር በየአምስት ሜትሩ ስድስት ስድስት ሳንቲሜትር ዝቅ እያደረገ ሄደ። የቱቦውን ሌላ ጫፍ የያዙት፣ ያኔ የቀን ሠራተኛ የነበሩት ጋሽ ሣሩ ናቸው።

"ያዝ እንጂ! አትንቀጥቀጥ፤ ውሃው ይሰክራል!" ይላቸው ነበር።

ሥራው ሲያልቅ ግንበኛው አንድ በርሜል ውሃ መሃል ሜዳ ላይ ገለበጠ። ውሃው ትንሽ አመነታ፤ ከዚያ ለሁለት ተከፍሎ ወደ ግራና ወደ ቀኝ ቦይ ወረደ።

"አየህ? ውሃ ልክ ማለት ይሄ ነው" አለ ግንበኛው።

ጋሽ ሣሩ ቃሉን የተማሩት እንዲህ ነው። ለአናጢ ውሃ ልክ ማለት ዝርግ፣ ጠፍጣፋ፣ የማያዘነብል ማለት ነው። ለእሳቸው ግን ለውሃው ልክ የሆነ፣ ውሃ የማያቆር ማለት ሆነ። በየዓመቱ ዝናቡ ሲያባራ ቱቦውን ዘርግተው ሜዳውን ይለካሉ፤ ዝቅ ያለውን ይሞላሉ፤ ከዚያ ወደ ስፖርት ክፍል ሄደው በሩን ገፋ በማድረግ "ሜዳው ውሃ ልክ ነው" ይላሉ። ኃላፊዎች ተቀያየሩ፤ ሪፖርቱ ግን ያው ነበር። ሁሉም "እሺ ጋሼ" ይላሉ። ምን ማለት ነው ብሎ የጠየቀ አንድም አልነበረም፤ ቃሉ ግልጽ ነዋ።

እንግዲህ የእድሳቱ ወሬ ሲመጣ ከሁሉ በላይ የተደሰቱት ራሳቸው ጋሽ ሣሩ ነበሩ። ስታዲየሙ በእርግጥ አርጅቷል። የምሥራቁ መቀመጫ ተሰንጥቆ እጅ ያስገባል፤ የመልበሻ ክፍሉ ጣሪያ ያፈሳል፤ የመጸዳጃ ቤቱ ነገር ባይነሳ ይሻላል። ከባለሙያዎቹ መጀመሪያ የመጣው አንድ ቀያሽ ነው። መቀመጫዎቹን በመሣሪያ ለካ፤ ስንጥቆቹን ፎቶ አነሳ፤ ከዚያ አርባ ሁለት ጥያቄ ያለበት ቅጽ ይዞ ጋሽ ሣሩ አጠገብ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀመጠ። የድሮው ንድፍ ስለጠፋ ነባሩን ሠራተኛ መጠየቅ ነበረበት።

"አሥራ ሰባተኛ" አለ ቀያሹ። "ነባሩ ሜዳ ውሃ ልክ ነው?"

"ውሃ ልክ ነው ወይ ትለኛለህ? እንዴት ያለ ውሃ ልክ!"

"አዎ ልበላ?"

"ሁለት ጊዜ አዎ በል።"

ቀያሹ ስቆ አንድ ጊዜ ምልክት አደረገ። ሜዳው ጠፍጣፋ ነው ከተባለ በመሣሪያ መለካት አያስፈልግም፤ ቀያሹም አልለካም። ጋሽ ሣሩ ከታች ስማቸውን ሙሉውን ጽፈው፣ የፊርማቸውን ጅራት አርዝመው አሳምረው ፈረሙ። በሥራ ዘመናቸው ስለ ሜዳው በጽሑፍ ሲጠየቁ የመጀመሪያቸው ነበር።

ከአራት ወር በኋላ፣ ሰኞ ጠዋት፣ የሥራ ተቋራጩ መሐንዲስ ሜዳው ላይ ሲባጎ ወጥራ ግራ ገብቷት ቆመች። ወጣት ናት፤ ሰው አክባሪ ናት፤ ጋሽ ሣሩን ባየች ቁጥር ከወንበሯ ትነሳለች።

"ጋሼ፣ መሃሉ ላይ ብዙ አፈር አለ። በየጊዜው ሲሞሉት ተጠራቅሞ ነው አይደል?"

"አልተጠራቀመም ልጄ። የተሠራ ነው።"

"የተሠራ? በአዲሱ ንድፍ እኮ ነባሩ ሜዳ ዝርግ ነው። በዚያ ልክ ቆርጠን ሣር እናለብሰዋለን።"

"ከቆረጣችሁትማ ውሃው የት ይሄዳል?"

"ዙሪያውን ቦይ አለው።"

"ቦዩ ወደ ውሃው አይሄድም እኮ ልጄ፤ ውሃው ነው ወደ ቦዩ የሚሄደው።"

መሐንዲሷ ከመኪናዋ ፋይል አምጥታ ገለጠች።

"ይሄ ፊርማ የማን ነው?"

"የኔ።"

"እዚህ ጋ ምን ይላል?"

"ውሃ ልክ ነው ይላል።"

"እኮ!"

"እኮ! ውሃ ልክ ነዋ!"

ሁለቱ ተያዩ። ጋሽ ሣሩ ሄደው ቱቦውን አመጡ፤ ካስማ አቆሙ፤ የበርሜሉን ውሃ ታሪክ ነገሯት። መሐንዲሷ መሬት ላይ ቁጢጥ ብላ፣ መዳፏን ሣሩ ላይ ዘርግታ አደመጠች። እንደገባትም ፊቷ ላይ ታየ።

"ወይኔ ጋሼ" አለች። "ልክ ነዎት እኮ። ግን እኔ ንድፍ መቀየር አልችልም። ንድፉን ያወጣው አማካሪ ድርጅት ነው የሚቀይረው፤ አማካሪውን የሚያዘው የፕሮጀክት ጽሕፈት ቤቱ ነው። አፈሩን የሚልጠው ግሬደር ሐሙስ ጠዋት ይገባል። እስከዚያ አንዲት ወረቀት ካመጡልኝ፣ ማኅተም ያለባት፣ አስቆመዋለሁ። ቃሌ ነው።"

ሦስት ቀን፣ አንዲት ወረቀት። ጋሽ ሣሩ ይህ የሚቻል መሰላቸው።

እቤት የምግብ ጠረጴዛው ተጠርጎ ማመልከቻው ተጻፈ። ጋሽ ሣሩ ይጽፋሉ፤ ባለቤታቸው ከትከሻቸው በላይ ሆነው ያርማሉ።

"'ሜዳው መጉበጥ ያለበት ስለሆነ' አትበል። ጎባጣ ሜዳ የሚፈልግ ማን ነው? 'ያማረ ቅርጽ' በል።"

"ቅርጹ አይደለም ችግሩ፤ ውሃው ነው።"

"ታዲያ 'ውሃ ልክ ነው' ያልከው ምን ሆነህ ነው?"

"ውሃ ልክ ስለሆነ ነው!"

"እኔ ሠላሳ ዓመት አብሬህ ኖሬ አልገባኝም፤ ያ ቀያሽ በአንድ ጠዋት እንዲገባው ፈለግክ?"

ማክሰኞ ማመልከቻውን ፕሮጀክት ጽሕፈት ቤት ወሰዱ። የጽሕፈት ቤቱ ኃላፊ ትሑት ሰው ናቸው፤ እስከ መጨረሻው አነበቡት።

"አባቴ፣ ይህ የቴክኒክ ጉዳይ ነው። የሚመለከተው አካል አማካሪው ነው።"

የአማካሪው ቢሮ በከተማው ሌላ ጫፍ ነው። እዚያ ያለችው ጸሐፊ ደብዳቤውን ሳትነካው "ከግለሰብ አንቀበልም፤ የሚመለከተው አካል በሸኚ ደብዳቤ ይላክልን" አለች።

"የሚመለከተው አካል ማን ነው?"

"ፕሮጀክት ጽሕፈት ቤቱ ነዋ።"

ይህን ለባለቤታቸው ሲነግሩ፣ ሴትዮዋ የያዙትን ሳህን አስቀመጡ።

"ሠላሳ አንድ ዓመት ጠዋት ማታ ያንን ሜዳ ስትመለከተው የኖርክ አንተ ነህ። ከአንተ በላይ የሚመለከተው አካል ከየት ሊመጣ ነው?"

ጋሽ ሣሩ ከሰኞ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቁ። ግን ይህን ማመልከቻ ላይ መጻፍ አይቻልም።

ረቡዕ እንደገና ወደ ኃላፊው ሄዱ። ኃላፊው በዚህ ጊዜ ራሳቸው ተነስተው ወደ መዝገብ ቤት ወሰዷቸው። ማመልከቻው ገቢ ሆነ፤ ቁጥር ተሰጠው፤ ማኅተም አረፈበት። ጋሽ ሣሩ ማኅተሙን ሲያዩ ልባቸው ደስ አለው።

"መልሱ መቼ ይደርሳል?"

"በአሥር የሥራ ቀናት ውስጥ።"

"ግሬደሩ እኮ ነገ ነው የሚገባው።"

"ገብቶኛል አባቴ" አሉ ኃላፊው፤ የገባቸውም ይመስላሉ። "ግን በቅጹ ላይ እርስዎ ራስዎ ያረጋገጡትን ነገር እኔ በቃል ላፈርሰው አልችልም።"

ሐሙስ ጠዋት ግሬደሩ በር ላይ ቆሞ ሲያጓራ፣ መሐንዲሷ ሥራ አላስጀመረችም። ሰዓቷን እያየች ትጠብቃለች። ጋሽ ሣሩ ደርሰው የታጠፈውን ወረቀት ሰጧት። የገቢ ቁጥሩን አነበበች። ማኅተሙን አየች። ከጀርባው የተጻፈ ነገር ካለ ብላ ገለበጠችው። የለም።

"ጋሼ፣ ይሄ መድረሱን ነው እንጂ የሚለው..."

"አውቃለሁ ልጄ።"

ከዚያ ለመናገር እንደከበዳት በሚያስታውቅ ድምፅ አንድ ነገር ጠየቀቻቸው። የሣር ማጠጫው ቧንቧ ከሜዳው ሥር በየት በየት እንደሚያልፍ በንድፉ ላይ የለም። ይኸው ቧንቧ ወደ ተማሪዎች መኝታ ቤት የሚሄደውም ነው። የግሬደሩ ምላጭ ካገኘው ሁለት ሺህ ተማሪ ውሃ ያጣል። መስመሩን የሚያውቅ ሌላ ሰው የለም።

እምቢ ቢሉስ? ግሬደሩ አይቆምም፤ ቧንቧው ነው የሚቆረጠው። ጋሽ ሣሩ የኖራ ባልዲያቸውን አነሱ።

እንዲህ ሆነና ጋሽ ሣሩ ከፊት ከፊት እየሄዱ በኖራ ምልክት ያደርጋሉ፤ ግሬደሩ ከኋላ ይከተላል። የግሬደር ሥራ ሲያዩት ደስ ይላል፤ ምላጩ በአንድ ምልልስ አራት ጣት ያህል እየላጠ፣ አፈሩን ወደ ጎን እንደ መጋረጃ እያጠፈ ይሄዳል። ነጂው ጎበዝ ነበር። ኖራውን አንዴም አልሳተም። ጋሽ ሣሩም አንድ ቧንቧ አልዘለሉም። አንድ ቦታ ላይ ነጂው አውራ ጣቱን አንስቶ አመሰገናቸው፤ እሳቸውም በልማድ እጃቸውን አነሱለት።

የተነሳው አፈር በገልባጭ መኪና ከቤተ መጻሕፍቱ ጀርባ ይከመር ጀመር። ከሰዓት በኋላ፣ ጋሽ ሣሩ ምልክቱን ጨርሰው ክምሩ አጠገብ ቆመው ሳለ፣ የአስተዳደር ሕንፃው አትክልተኛ ጋሪዋን እየገፋች መጣች። ሜዳው ላይ ስለሆነው ነገር የሰማችው የለም። እፍኝ አፈር አንስታ በጣቶቿ መሃል አሸችው።

"ጋሼ! ኑ እስቲ እዩ! አንዲት ጠጠር የለበትም እኮ! እኔ ለአበባዬ እንዲህ ያለ አፈር ስጠይቅ ዓመት አለፈኝ። ማን ነፍቶት ነው?"

የላይኛው አፈር በእርግጥ የተነፋ ነው፤ ሠላሳ አንድ ዓመት፣ ክረምት ባለፈ ቁጥር፣ በወንፊት፣ በሁለት እጅ።

"ከመሃል ሜዳ የመጣ ነው" አሏት።

"ሌላም አለ? ወይስ ይሄው ነው?"

ጋሽ ሣሩ ወደ ሜዳው ዞረው አዩ። ግሬደሩ ሁለተኛውን ጎን ገና መጀመሩ ነው።

"እስከ ቅዳሜ አለ" አሉና፣ ጋሪው እንዳይገለበጥባት ያዙላት።