የተሸናፊው ስልክ

ጡረታ የወጡት የታሪክ መምህር ጋሽ ትእዛዙ ቅዳሜ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ፣ ሰቆጣ ውስጥ ባለች አንዲት ቪዲዮ ቤት፣ ስለ አሜሪካ ፕሬዚዳንቶች የምርጫ ዘመቻ ታሪክ የተሠሩ ዘጋቢ ፊልሞችን እያስቆሙ ይተረጉማሉ። ገበያተኛው ሁሉ እንዲገባው አንዱን ነገር በአማርኛም፣ በአገሬው ቋንቋ በኽምጣናም ይናገሩታል። ቃል አይጨምሩም፣ ቃል አይቀንሱም፤ ሰውም የሚያከብራቸው ለዚህ ነው።

የዚያን ቅዳሜ ግን አፋቸው ተያዘ። ባለፈው እሑድ በእድሩ ሊቀመንበር ምርጫ፣ ምሳው የሚባል የቀድሞ ተማሪያቸው በሦስት ድምፅ በልጧቸው፣ ሳምንቱን ሙሉ ሰላምታ ነፍገውት ነበር። እሱም ከኋላ ተቀምጧል። ፊልሙ ላይ ደግሞ የተሸነፈው ዕጩ ስልክ አንሥቷል። ዘለው ቢያልፉት ማን ያውቅባቸዋል?

"ምን አለ? ዝም አሉሳ!" አሉ እማማ ውባንቺ ከፊት ወንበር።

ጋሽ ትእዛዙ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። "ላሸነፈው ሰው ደውሎ፣ እንኳን ደስ ያለህ አለው።"

"ማን አስታረቃቸው? ሽማግሌ ተልኮበት ነው?"

"አልተላከበትም። ራሱ ነው የደወለው።"

"ወይ ጉድ! እኛ እኮ ለእርስዎ አራት ሽማግሌ መርጠን ነበር!"

ቤቱ በሳቅ ተናጋ። ጋሽ ትእዛዙ ፊልሙን እንደቆመ ትተው፣ በአግዳሚዎቹ መካከል አልፈው እጃቸውን ዘረጉ።

"እንኳን ደስ ያለህ፣ ምሳው።"

ምሳው ብድግ ብሎ እጃቸውን በሁለት እጁ ያዘ። "ምነው ጋሼ፣ ቢደውሉልኝ ይበቃ ነበር!"

"በኽምጣናም ይድገሙታ!" ብለው ጮኹ እማማ ውባንቺ።

ጋሽ ትእዛዙም የምሳውን እጅ ሳይለቁ፣ ቃል ሳይጨምሩ ቃል ሳይቀንሱ ደገሙት።