የአባቴ ቀይ ጭረት

ጥርሱ የጎላ ወፍራም ጎማ አስፋልት ላይ ሲሮጥ የሚያሰማው እዝዝታ ዛሬም ጆሮዬ በገባ ቁጥር፣ ፍኖተ ሰላም ያለው ግቢያችንና በሩ ላይ የምትቆመው ነጭ አሮጌ ፒካፕ ይመጡብኛል። አባቴ በዚያች ፒካፕ ከፈረስ ቤት ድንች፣ ከቡሬ በርበሬ እየጫነ ነበር ያሳደገን።

ክረምት በገባ ቁጥር የፈረስ ቤት መንገድ ጭቃ ይውጣት ነበር። በአንዱ ሐምሌ አባቴ ተናዶ ከትልቅ መኪና የወረዱ አራት ጎማዎች አመጣና፣ ጎማው እንዳይነካካ ከላዩ ያለውን የጭቃ መከላከያ፣ ፓራፋንጎዋን፣ በመጋዝ ቆርጦ ገጠመላት። ከዚያ ወዲያ ጭቃውን እንደ በሬ እየረገጠች ትወጣው ጀመር።

መስከረም ላይ ከጎኑ ተቀምጬ ጅጋ ስንገባ አንድ ወጣት ትራፊክ ፖሊስ አስቆመን።

«ጋሼ፣ ከተፈቀደው ከሃምሳ በላይ እየሮጡ ነው። በስልሳ ነው የመጡት።»

«ማርያምን ከሃምሳ አላለፍሁም!» አለ አባቴ፣ ፍጥነት ቆጣሪውን በጣቱ እየጠቆመ። እኔም መርፌው ሃምሳ ላይ እንደነበር አይቻለሁ።

ፖሊሱ በእጁ የያዘውን የፍጥነት መለኪያ አሳየውና «ትልቅ ሰው እንዲህ ይምላል?» ብሎ ቀጣው።

በእኛ አገር በማርያም ስም በሐሰት የማለ ሰው ቀና ብሎ አይሄድም። ወሬውን የሰሙ የጅጋ መናኸሪያ ሾፌሮች አባቴን ባዩት ቁጥር «ማርያምን ከሃምሳ አላለፍሁም!» እያሉ ይሳለቁበት ነበር። እናቴ «እርሳው በቃ፣ ያለፈ ነገር ነው» ስትለው፣ «መሐላ ያልፋል እንዴ?» ይላት ነበር።

ቆጣሪውን እንዲያይለት የሄደበት የቡሬ መካኒክም ሳቀበት። «ጎማው ሲያድግ ቆጣሪው አሳንሶ ያወራል፤ ደግሞስ ማን ያየዋል? የቆጣሪውን ገመድ ልንቀልልዎት፤ የማይሠራ ቆጣሪ አይዋሽም» አለው። አባቴ ግን «እኔ የምሻው እውነት የሚናገር እንጂ ዝም የሚል አይደለም» ብሎ ጥሎት ወጣ። እልኸኛ ነበር፤ እኔም እሱን ነው የወጣሁት።

ኅዳር ላይ፣ ጤፉ ሲታጨድ፣ አንድ ቅዳሜ ጠዋት የእጅ ሰዓቱን ፈትቶ ሰጠኝ። ሰባተኛ ክፍል ነበርኩ፤ ሒሳብ ላይ ማንም አይቀድመኝም ነበር። እሱ በቡሬ መንገድ መርፌውን ሃምሳ ላይ ይዞ ሲነዳ፣ እኔ ከአንዱ የኪሎ ሜትር ድንጋይ እስከሚቀጥለው ያለውን ሰኮንድ እቆጥር ነበር። በእውነት ሃምሳ ቢሆን ኖሮ ሰባ ሁለት ሰኮንድ መፍጀት ነበረበት፤ ስልሳ ፈጀ። ደገምነው፣ ሠለስነው፣ ያው ስልሳ። በሰዓት ስልሳ ኪሎ ሜትር ማለት ነው። አባቴ መኪናዋን ዳር አቁሞ መሪው ላይ ተደፋ።

«ያ ፖሊስ ልክ ነበር» አለ። «በማርያም ስም ዋሸሁ።»

አለቀስኩ። እሱ ግን ቤት እንደገባን ከእናቴ የጥፍር ቀለም ጠይቆ፣ እኔ ያሰላሁትን ቁጥር እያነበብኩለት፣ የቆጣሪው መስታወት ላይ ቀያይ ጭረቶች አሰመረ፤ ሃምሳው ላይ ስልሳ፣ ሃያ አምስቱ ላይ ሠላሳ። በማግስቱ ለንስሐ አባቱ ተናዘዘና፣ በቀጥታ ጅጋ ሄድን። ፖሊሱ መናኸሪያው በር ላይ፣ በሾፌሮች መሃል ቆሞ ነበር።

«ወንድሜ፣ ስልሳ ነበርሁ፤ ያልኸው እውነት ነው። እኔም እያወቅሁ አልዋሸሁም። ና፣ ግባና እየው።»

ሾፌሮቹ ሳቁ። አባቴ ዞረባቸው፤ «ትልልቅ ጎማ ያልገጠመ ማነው ከእናንተ? እስቲ የማናችሁ ቆጣሪ ነው እውነት የሚናገር?» አላቸው። ፖሊሱ ገብቶ ቀያዮቹን ጭረቶች አይቶ ሲወጣ፣ ቆቡን አውልቆ እጅ ነሣው። ያን ቀን እንደ ኮራሁ ሌላ ቀን ኮርቼ አላውቅም።

አባቴ ዛሬ ዓይኑ ደክሟል፤ ፒካፗን የምነዳት እኔ ነኝ። ስልኬ ላይ ያለው የፍጥነት መለኪያ ስልሳ ሲል መርፌው ልክ የስልሳው ቀይ ጭረት ላይ ነው። ወንድሜ «ይህን ፍቀሽ አዲስ ቆጣሪ እናስገባላት» እያለ ይጨቀጭቀኛል። አልፍቅም። አሁን ሁሉም ሰው ልክ የሚናገር ቆጣሪ በኪሱ ይዟል፤ ተሳስቼ ነበር ለማለት ጅጋ ድረስ የሚሄድ ግን እስካሁን አላየሁም።